ቪየና ላይ የተጻፈ ትርጉም ጉንችሬ ሲደርስ

ጉንችሬ ላይ ስለ ክልል ጥያቄ ወሬ ሲነሣ ከአፍ የማይጠፉ ቃላት አሉ። «ብሔር»፣ «ብሔረሰብ»፣ «የራስን ዕድል በራስ መወሰን»። ካድሬውም ይላቸዋል፣ ተቃዋሚውም ይላቸዋል፣ ከገበያ መልስ አረፍ ያሉ ሽማግሌዎችም ይሏቸዋል። ከመለመዳቸው ብዛት ልክ እንደ እንሰቱ ከጓሮ የበቀሉ ይመስላሉ።

ከጓሮ የበቀሉ አይደሉም። ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ሄደን፣ በስደት የሚኖሩ ጥቂት የሩሲያ አብዮተኞች ሲጨቃጨቁ እናገኛቸዋለን። ያ ጭቅጭቅ ዛሬ ጉንችሬ ውስጥ በጀት ከየት እንደሚመጣ፣ ቢሮ የት እንደሚከፈት ይወስናል። ስለዚህ ጉዳዩ የታሪክ ተማሪዎች ጨዋታ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1913 መግቢያ ነው። ስታሊን የሚባለው የ34 ዓመት ጆርጂያዊ ቪየና ገብቶ ጥቂት ሳምንታት ተቀመጠ። ሌኒን አንድ ሥራ ሰጥቶታል፤ ስለ ብሔር ጥያቄ የቦልሼቪኮችን አቋም የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ እንዲጽፍ። ስታሊን ጀርመንኛው ደካማ ስለነበር የኦስትሪያዎቹን መጻሕፍት ሲያገላብጥ ቡኻሪንና ሌሎች ረዱት። ሌኒን ለደራሲው ማክሲም ጎርኪ በጻፈው ደብዳቤ ጆርጂያዊውን አሞገሰው። ስታሊን ያረፈበት ቤት ግድግዳ ላይ ዛሬም ድረስ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፎ ይታያል።

ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ ዓለምን የዞረው አንድ አንቀጽ ነው። ብሔር ማለት በታሪክ ሂደት የተፈጠረና የረጋ ማኅበረሰብ ነው ይላል፤ አራት ነገሮችንም ይዘረዝራል። የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ መሬት፣ የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት፣ በባህል የሚገለጥ የጋራ ሥነ ልቦና። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ብሔር የሚባል ነገር የለም። ነገሩ እንደ ፈተና ነው፤ ከአራት አራት ያላመጣ ወድቋል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይምጣ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ማንን ለመምታት ነበር?

በዚያ ዘመን ኦስትሪያ ውስጥ ኦቶ ባወርና ካርል ሬነር የሚባሉ ሶሻሊስቶች ሌላ ሐሳብ ይዘው ተነሥተው ነበር። አገራቸው እንደ እኛ አገር ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት፣ ሕዝቡ የተቀላቀለባት ናት። መሬቱን ለእያንዳንዱ ብሔር እንቁረስ ቢባል ቢላው የማይነካው ቤተሰብ የለም። እነ ባወር ያመጡት መፍትሔ ይህ ነበር፤ ብሔርነት ከመሬቱ ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር ይሂድ። አንድ ቼክ ፕራግ ቢኖር፣ ቪየና ቢኖር፣ የቼክ ማኅበሩ አባል ይሁን፤ ማኅበሩም የራሱን ትምህርት ቤት፣ የራሱን የባህል ተቋም፣ የራሱን መዋጮ ያስተዳድር። ሩሲያ ውስጥም በ1897 የተቋቋመው የአይሁድ ሠራተኞች ድርጅት፣ ቡንድ፣ ይህንኑ ጠየቀ። አባላቱ በከተሞች ተበትነው በንግድና በእጅ ሥራ የሚኖሩ ነበሩ፤ «ይህ የእኛ ክልል ነው» ብለው የሚያጥሩት መሬት አልነበራቸውም።

የስታሊን ጽሑፍ በትር ያረፈው እነዚህ ላይ ነው። የጋራ መሬት የሌለው ሕዝብ ብሔር አይባልም፤ መብትም የሚሰጠው ለአካባቢ ነው አለ። ሌኒንም በ1914 ስለ ራስን በራስ መወሰን በጻፈው ሰፊ ጽሑፍ ከሮዛ ሉክሰምበርግ ጋር ተከራክሮ መብቱን እስከ መገንጠል ወሰደው። የመገንጠልን መብት ከፍቺ መብት ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ፍቺ ተፈቀደ ማለት ባልና ሚስት ሁሉ ይፋቱ ማለት አይደለም ነው ነገሩ። ቦልሼቪኮች በ1917 ሥልጣን ያዙ። ክርክሩን ማን እንደረታ ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም፤ ያሸነፈው ሰው መጽሐፉም አብሮ አሸነፈ።

እንግዲህ ከተማ ለከተማ ተበትኖ፣ ነግዶና ሠርቶ፣ ልቡ ግን አገር ቤት የቀረ ሕዝብ ሲባል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ማን ይታወሰዋል? ያ በ1913 የተሸነፈው ክርክር ስለ ጉራጌ የሚያወራ ይመስል ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ግን አሸናፊው ብቻ ነው።

አመጣጡ ይታወቃል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጥናት ክበቡ የሞስኮን ርካሽ እትሞች ይቀባበሉ ነበር። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ደግሞ የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቺን አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ። ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር አልሆነችም፣ ብዙ ብሔሮች ያሉባት አገር ናት አለ። የዘረዘራቸው ብሔሮች ውስጥ ጉራጌ አለበት፤ በነጠላ፣ እንደ አንድ ብሔር። በቀጣዩ ዓመት አልጀርስ የነበሩት ስደተኛ ተማሪዎች «ጥላሁን ታከለ» በሚል የብዕር ስም ያሰራጩት ጽሑፍ ነገሩን አጠናከረው፤ የእነሱ ማስረጃ በአብዛኛው ሌኒንና ስታሊን ነበሩ።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አይገባም። እነዚያ ልጆች የሌለ ቁስል አልፈጠሩም። ጭሰኛው እውነት ነበር፤ ያመረተውን ለባለ መሬት ያካፍል የነበረ ገበሬ ሌኒንን ሳያነብም ሕመሙን ያውቀዋል። ከጉራጌ አገር ወጥቶ አዲስ አበባ የተሸከመ፣ ጫማ የጠረገ፣ አነጋገሩ የተቀለደበት፣ በዚህም አፍሮ ቋንቋውን ቤቱ ትቶ የወጣ ሰው እውነት ነበር። የሩሲያ አብዮተኞች መጻሕፍት ለዚያ ሕመም ስም ሰጡት። ሐኪም በሽታህ ይህ ነው ሲል ሰው እፎይ እንደሚል፣ ያ ትውልድም እፎይ አለ። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅም ከዚያው ትግል የተገኘ ነው፤ ያን ያህል ጭሰኛ በአንድ አዋጅ ነጻ የወጣበት ጊዜ በዚህች አገር ታሪክ የለም።

ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ነው። ምርመራው የተደረገው እዚህ ሲሆን፣ የመድኃኒቱ ማዘዣ የተጻፈው ለሌላ በሽተኛ ነበር።

ዋለልኝ ኅዳር 29 ቀን 1965 ከእነ ማርታ መብራህቱ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። መኢሶንና ኢሕአፓ በብዙ ነገር ሲጋደሉ በብሔር መብት ላይ መነሻቸው አንድ ነበር። ደርግ በሚያዝያ 1968 ባወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ለብሔረሰቦች ራስ ገዝነት ቃል ገባ፤ በ1975 የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት አቋቋመ፤ ኢሕዲሪ ሲመሠረት አምስት ራስ ገዝ አካባቢዎችን አወጀ። ሕወሓትና ኢሕአዴግ ደግሞ ያንኑ ትምህርት ከበረሃ ይዘው መጡና የመንግሥት ሥርዓት አደረጉት። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። ዋለልኝ በሞተ በሃያ ሁለተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ይተረጉማል። የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልምድ፣ የሚግባቡበት ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር መኖር። ይህንን ከቪየናው አንቀጽ ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ዘመዳሞች መሆናቸውን ወዲያው ያያል። «የሥነ ልቦና አንድነት» የሚለው ሐረግ ራሱ ምስክር ነው።

ግን ሁለት ለውጦች አሉ። አንደኛው፣ ኢትዮጵያውያኑ «ማመንን» ጨመሩ፤ ሰው ማን ነኝ እንደሚል ይጠየቃል ማለት ነው። ይህ ከስታሊን የተሻለ ነው። ሁለተኛው፣ ስታሊን ያስቀመጠውን የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት አወጡት። ስለ ጉራጌ ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንግዱ፣ ዕቁቡ፣ አንዱ ሌላውን ከአገር ቤት አምጥቶ ሱቅ አስገብቶ ሥራ ማስለመዱ፣ እነዚህ ሁሉ ከትርጉሙ ውጭ ቀሩ። መሬቱ ግን እንደነበረ ቆየ።

ትርጉሙ ጉራጌ ምድር ላይ ሲፈተን ምን ሆነ?

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና ስልጤ ነው። የስልጤ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ በጉራጌ ስም ሲጠራ ቆይቶ፣ ቋንቋችንም ማንነታችንም የራሳችን ነው ብሎ ጠየቀ። ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ1993 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና ድምፅ ሰጪው በከፍተኛ ብልጫ ስልጤነትን መረጠ። ስልጤ ዞን ሆነ፤ መቀመጫውም ወራቤ። ሰው ማን እንደሆነ ራሱ ሲናገር ሌላው ሊከራከረው አይገባም፤ ስልጤዎች የተጠቀሙት መብታቸውን ነው። የቋንቋ ምሁራንም ስልጢኛን ከሐረሪ ጋር የሚያቀራርቡት ናቸው። ነገር ግን ያ ቀን ለቀረው ጉራጌ ሌላ ጥያቄ ጥሎ ሄደ። ቋንቋ መለኪያ ከሆነ፣ ቀጣዩ ማን ነው?

ጥያቄው ባዶ ስጋት አልነበረም። ጉንችሬ የእነሞር ከተማ ናት፤ አፉም ኢኖር ነው። የቸሃ ሰው ከእምድብር፣ የእዣ ሰው ከአገና፣ የሶዶ ክስታኔ ከቡኢ፣ የመስቃን ሰው ከቡታጅራ መጥተው ከጉንችሬው ጋር ቢቀመጡ፣ ሁሉም በየአፉ ቢናገር መግባባት እንደየቅርበቱ ነው። ክስታኔውና እነሞሩ ጨዋታ ሲያምራቸው ወደ አማርኛ መሻገራቸው አይቀርም። ጉራጊኛ የትምህርት ቋንቋ ይሁን ሲባልም ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው?» የሚለው ነው። ስለዚህ ትርጉሙን በታማኝነት ተግብሩት ቢባል ጉራጌ አንድ ሳይሆን ብዙ ይሆናል። ዋለልኝ በነጠላ የጻፈውን ስም፣ ዋለልኝ የተማመነበት መለኪያ ራሱ ይበትነዋል።

የአስተዳደሩንም ታሪክ ብናይ ያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ክልሎች ሲቋቋሙ ጉራጌ ከሐዲያና ከከምባታ ጋር «ክልል 7» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ያ ክልል ደቡብ ከሚባለው ትልቅ ክልል ጋር ተቀላቀለ። በኅዳር 2011 የዞኑ ምክር ቤት ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ብሎ ወሰነ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ፤ የጉራጌ ጥያቄ ግን ሕዝበ ውሳኔ ሳያይ ቀረ። በነሐሴ 2014 ወልቂጤ ቤት ውስጥ በመቀመጥ አድማ ጭር አለች፤ የዞኑ ምክር ቤትም «ክላስተር» የተባለውን አደረጃጀት በአብላጫ ድምፅ አልቀበልም አለ። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ሆሳዕና ዋና መቀመጫ ሆነች። ምሥራቅ ጉራጌ በቡታጅራ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ቀቤናና ማረቆ ልዩ ወረዳ ሆኑ። ካርታውን ከ1984ቱ ጋር ያመሳከረ ሰው ክልል 7ን ስሟን ቀይራ ያገኛታል።

የሚገርመው ሁሉም ወገን አንድ መጽሐፍ መጥቀሱ ነው። ክልል እንሁን ያሉት አንቀጽ 39ንና 47ን ጠቀሱ። አብራችሁ ሁኑ ያሉትም ሕገ መንግሥቱን ጠቀሱ። ከጉራጌ ዞን ልውጣ ያለውም ያንኑ ጠቀሰ። መለኪያው ማንንም አልዳኘም፤ ጉልበት ያለው ዳኘ። ይህም ለሩሲያ አዲስ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት የመገንጠልን መብት በሕገ መንግሥቷ ይዛ ነው የኖረችው፤ ግን ቀይ ጦር በ1921 የስታሊንን የትውልድ አገር ጆርጂያን ገብቶ ያዘ። ሌኒን ራሱ በ1922 መጨረሻ ታሞ ተኝቶ ስታሊን በጆርጂያውያን ላይ በሠራው ሥራ ተቆጥቶ ማስታወሻ አስጻፈ። ያንን ማስታወሻ የጠቀሰ የኢትዮጵያ ካድሬ ብርቅ ነው። የ1913ቱ ግን በቃል ይነበነባል።

አሁን ወደ መሬቱ ጉዳይ እንምጣ።

በ1999ኙ ቆጠራ ጉራጌ ነኝ ያለው ሰው በአገሪቱ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ነዋሪም 16 በመቶ ያህሉ ጉራጌ ነኝ ብሏል፤ ይህም ከ440 ሺህ በላይ ሰው ነው። በግርድፉ ከአራት ጉራጌ አንዱ ማለት ነው። ጅማ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ያለው ሲጨመር ቁጥሩ ያድጋል።

እንበልና ጉንችሬ አጠገብ የተወለደ፣ በ15 ዓመቱ መርካቶ ገብቶ ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው አለ። ለመስቀል ይመለሳል፤ ሙስሊም ከሆነም ለአረፋ። እናቱን ይጦራል፣ ለአገሩ ትምህርት ቤት ያዋጣል፣ ሲሞት አገር ቤት ልቀበር ይላል። ስለ ጉራጌ ክልል ሕዝበ ውሳኔ ቢደረግ ይህ ሰው ድምፅ ይሰጣል? በሲዳማ እንደታየው ድምፅ የሚሰጠው ነዋሪ ነው። ስለዚህ አይሰጥም። መርካቶ ላይስ በጉራጌነቱ የሚጠይቀው መብት አለ? «በተያያዘ መልክዓ ምድር» አይኖርምና የለም። አገር ቤት እንግዳ፣ አዲስ አበባም እንግዳ። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ግን ብሔሩ ይጻፍ ነበር፤ ልክ ሶቪየቶች ከ1932 ጀምሮ በፓስፖርታቸው ላይ ይጽፉት እንደነበረ።

ይህ ሰው ግን ማንም ትርጉም ሳይሰጠው ጉራጌነቱን ሲያደራጅ የኖረ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ከየንግዳቸው እያዋጡ አገራቸው ድረስ መንገድ ለማስገባት የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ከመንግሥት ጋር ተደራድረው ድርሻቸውን ከፍለው መንገዱን አስወጡ። ያኔ «ጉራጌ ክልል» የሚባል የለም። ጉራጊኛው የትኛው ነው ብሎ የጠየቀም የለም። ሰው መዋጮውን በስሙ አስመዘገበ። ከዚያም በፊት የሰባት ቤት ሽማግሌዎች በጆካ እየተሰበሰቡ በቂጫ ይዳኙ ነበር፤ ቤቶቹ አፋቸው የተለያየ ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው።

ጉራጌን ጉራጌ ያደረገው ይህ ነው ቢባል ብዙ አያከራክርም፤ ስምምነትና መዋጮ፣ አብሮ መነገድና አብሮ መዳኘት። ባወርና ሬነር ይህንን ቢያዩ «የምንለው እኮ ይህንን ነው!» ይሉ ነበር። ስታሊን ግን ከአራቱ ሁለት ጎድሎታል ብሎ ይጥለዋል።

«ታዲያ መሬት ዋጋ የለውም ልትለን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ በጀት የሚወርደው በክልል ነው፣ ሥራ የሚቀጠረው በክልል ነው፣ ሆስፒታሉና መንገዱ የሚለመነው በክልል ነው። ጉንችሬ ላይ ተቀምጦ ክልል ያስፈልገናል የሚል ሰው ስታሊንን ስላነበበ አይደለም የሚለው፤ ክልል ያገኘው ጎረቤት ምን እንዳገኘ አይቶ ነው። ጥያቄውን ያለ ሕዝበ ውሳኔ ማዳፈን በደል ነው፤ ሕጉ ላንዱ ሠርቶ ለሌላው አልሠራም ማለት ነው። ይህንን በደል የ1913 ክርክርን በመተንተን ማቃለል አይቻልም።

ግን ነገ ክልሉ ቢሰጥስ? ወልቂጤ ዋና ከተማ ብትሆንስ? ከአራት አንዱ ጉራጌ ያው ከአጥሩ ውጭ ነው። አጥሩ ውስጥም ቋንቋ የሚለካው ዱላ እዚያው ተቀምጧል፤ ዛሬ ስልጤ፣ ትናንት ክልል 7፣ ነገ ደግሞ እነሞር ወይም ክስታኔ። ክልል የበጀትን ጥያቄ ይመልሳል፤ የማንነትን ጥያቄ ግን በዚያ ትርጉም እስከተለካ ድረስ ማንም አይጨርሰውም።

ብሔራዊ ምክክር ይባል ሕገ መንግሥት ማሻሻል፣ ይህ ነገር ጠረጴዛ ላይ የሚመጣበት ቀን ሲመጣ ከጉራጌ በኩል የሚነሣው ጥያቄ «ለኛም ክልል» በሚለው ብቻ ባይቆም ይበጃል። በ1913 ተሸንፎ የተጣለው ሐሳብ ከቆሻሻ መጣያው ይውጣና ይታይ። ቋንቋና ባህል ከሰውየው ጋር ይሂድ፤ መርካቶ ያለ የእነሞር ልጅ በኢኖር የሚማርበት ትምህርት ቤት ማኅበሩ መክፈት ይችል፣ ሕጉም ያውቅለት። መሬት ደግሞ የሚኖርበት ሁሉ ይሁን፤ በጀት በነዋሪ ብዛትና በፍላጎት ይውረድ፣ በብሔር ስም አይታደል። ሁለቱ ይለያዩ። ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ነው የሚል ካለ፣ አሁን ያለውም ከውጭ የመጣ ነው። ልዩነቱ ይኼኛውን ጉራጌ በዕቁቡ፣ በእድሩና በመንገድ ሥራ ድርጅቱ ቀድሞ ሞክሮ ያውቀዋል።

የዋለልኝ ትውልድ የሚወቀሰው የሩሲያን መጽሐፍ በማንበቡ አይደለም። ያነበበው የክርክሩን አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ሞስኮ አሳትማ የላከችው ያንን ብቻ ነበርና። ዛሬ ግን ሁለቱም ወገን በስልክ ይነበባል። ጉንችሬ ላይ ያለው ወጣት ስለ ብሔር ሲከራከር የተረታውንም ወገን ቢያነብ፣ ምናልባት እዚያ ውስጥ አባቱን ያገኘው ይሆናል።